ቶኪዮን በቡና ማጥናት፦ ባህል ገበያን እንዴት እንደሚቀርጽ ሄዶ ለሚማር ተማሪ መመሪያ

ቢዝነስ ወይም ማርኬቲንግ ለመማር ጃፓን የሚሄድ ተማሪ ስለ ባህል የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ክፍል ውስጥ ነው። ስላይድ አለ፣ ሠንጠረዥ አለ፣ «ጃፓኖች በቡድን ማሰብ ይወዳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይፈተናል፣ ያልፋል፣ ይመለሳል። በየቀኑ የሚያልፍበት የሰፈሩ ሱቅ ግን ከስላይዱ የበለጠ ያስተምረው ነበር።

ይህ መመሪያ ለዚያ ተማሪ ነው። የጃፓን መንግሥት በ2013 ዮኮሃማ ላይ ይፋ ባደረገው ኤቢኢ ኢኒሺየቲቭ የሚሄዱ አሉ፤ ፕሮግራሙ ለአፍሪካ ወጣቶች የማስተርስ ትምህርትና በጃፓን ኩባንያዎች የተግባር ልምምድ ይሰጣል። በዩኒቨርሲቲ ልውውጥ የሚሄዱ አሉ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ኮሌጆች ለአጭር የጥናት ጉዞ የሚላኩ የእኛ ልጆችም አሉ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘዴ አለ፦ ከቤታችሁ ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን አንድ ዕቃ ያዙና እሱን እየተከተላችሁ አገሩን እዩ። ለእኛ ሰው ደግሞ ከቡና የተሻለ ዕቃ የለም። የቡናን ወግ ሳታስቡት ስለምታውቁት፣ እዚያ ለየት ያለ ነገር ሲመጣ ዓይናችሁ ቶሎ ይይዘዋል።

ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመሄዳችሁ በፊት የቤታችሁን ቡና ጻፉት

ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። ቡና አይቶ ለማያውቅ ሰው የምትነግሩ አድርጉት። ማን ይቆላል? ጎረቤት የሚጠራው ማን ነው? የተቆላው ቡና ጭሱ እንዲሸተት ለእነማን ይዞራል? አቦልን ጠጥቶ ቶናን ሳይጠብቅ የሚነሳ ሰው ምን ይባላል? ካፌ ስትገቡ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? «በሞቴ፣ እኔ ልክፈል» የሚባለው መቼ ነው? ማኪያቶ የምታዙት ከማን ጋር ስትሆኑ ነው? መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላችሁ የጀበና ቡና የምትጠጡትስ?

ይህን ገጽ አትናቁት። ቶኪዮ ላይ የምታዩትን ሁሉ የምታነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው። ካልጻፋችሁት የቤታችሁ ወግ የዓለም ሁሉ ወግ መስሎ ይቀራችኋል።

ሌላው የቤት ሥራ የባህል ነጥቦች ናቸው። የሆላንዳዊው የባህል ተመራማሪ የኼርት ሆፍስቴድ ሠንጠረዥ ክፍል ውስጥ መቅረቡ አይቀርም። ሰውየው የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ የአይቢኤም ሠራተኞች በየአገሩ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የሞሉትን መጠይቅ ይዞ የአገሮችን ባህል በቁጥር አስቀመጠ። ትልቅ ሥራ ነው፣ ጥሩ መነሻ ጥያቄዎችንም ይሰጣል። ነገር ግን በመጀመሪያው ጥናት ኢትዮጵያ ለብቻዋ ነጥብ አልነበራትም። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ በአንድ ቁጥር ተጠቃለለች። መርካቶንና የዛምቢያዋን የሉሳካን ገበያ አንድ ቁጥር ይገልጻቸዋል የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። የጃፓንንም ቁጥር በዚሁ ዓይን እዩት። ቁጥሩን ጥያቄ አድርጋችሁ ወደ ሱቁ ይዛችሁት ሂዱ።

2. አንድ ኮንቢኒ ምረጡና ተመላለሱበት

ኮንቢኒ የሚባሉት ብዙዎቹ ቀንና ሌሊት የማይዘጉ ትንንሽ ሱቆች ናቸው። ሰቨን ኢለቨን የተባለው ኮንቢኒ የመጀመሪያ የጃፓን ሱቅ በ1974 ቶኪዮ ውስጥ ቶዮሱ በሚባል ሰፈር ተከፈተ። ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ጃፓኖቹ ግን ለራሳቸው ኑሮ አድርገው ቀየሩት፤ ከጊዜ በኋላም ስሙን የሰጣቸውን አሜሪካዊ ኩባንያ ራሱን ገዙት። ዛሬ በአገሩ ከ50 ሺህ በላይ ኮንቢኒ አለ። ሰው የመብራት ሒሳብ ይከፍልበታል፣ ዕቃ ይልክበታል፣ ትኬት ይገዛበታል፣ እራቱን ይዞ ይወጣል።

ለማደሪያችሁ ቅርብ የሆነውን ምረጡ። ጠዋት ሰው ሥራ ሲገባ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሂዱ። በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የሆነ ነገር ግዙ፤ ሳትገዙ መቆም ሠራተኞቹን ያስጨንቃል። የሰው ፊት ፎቶ አታንሡ።

ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉት። በግራ ያያችሁትን ጻፉ፣ በቀኝ የገመታችሁትን። «ሱፍ የለበሰ ሰው ቡና ገዝቶ በር ላይ ቆሞ ጠጣና ሄደ» የግራ ነው። «ጃፓኖች ብቻቸውን መሆን ይወዳሉ» የቀኝ ነው። የተማሪ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ነው። ቀኙ ገጽ ለሳምንት ያህል ባዶ ቢሆን ምንም አይደለም።

አሁን ቡናውን ተከተሉት። ሰቨን ኢለቨን በ2013 ማሽን ላይ የሚፈላ ቡና በመላ አገሪቱ በ100 የን መሸጥ ጀመረ። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ አሠራሩ ግን ብዙም አልተለወጠም። መጠኑን ትናገራላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ባዶ የወረቀት ኩባያ ይሰጣችኋል። ቀዝቃዛ ከፈለጋችሁ በረዶ የተሞላበትን ኩባያ ከማቀዝቀዣው ራሳችሁ ታወጣላችሁ። ኩባያውን ማሽኑ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ቡናው እዚያው ተፈጭቶ ይወርዳል። ክዳኑም ስኳሩም ወተቱም ከጎን አለ። ከሰው ጋር የምታወሩት ከሁለት ሦስት ቃል አይበልጥም። ለእኛ ቡና የወሬ ሰዓት ነው፤ እዚህ ግን ቡናው ጥሩ ሆኖ ወሬው የለም። ይህን በግራ በኩል ጻፉት፤ ምክንያቱን ገና አትጻፉ።

ስለዚያ ማሽን ልነግራችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። ንድፉን የሠራው በአገሩ ስመ ጥር የሆነ ዲዛይነር ነበር፤ ማሽኑ ሲያዩት ያምራል። መጠኑን የሚለዩት ቁልፎች ላይ ጎልተው የተጻፉት ግን አር እና ኤል የሚሉ የላቲን ፊደሎች ነበሩ። ደንበኛው ተደናገረ። በየሱቁ ያሉ ሠራተኞች ወረቀት እየቆረጡ፣ በጃፓንኛ «መደበኛ»፣ «ትልቅ» እያሉ ለጠፉበት። ያ ሁሉ ወረቀት የተለጠፈባቸው ማሽኖች ፎቶ በኢንተርኔት ተዛምቶ መነጋገሪያ ሆነ።

ከዚህ የምትወስዱት ዘዴ በሄዳችሁበት አገር ሁሉ ይሠራል። የትኛውም ሱቅ ስትገቡ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ወይም በፕላስተር የተለጠፈ ቀስት ፈልጉ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሰበውና ደንበኛው የሚያደርገው የተለያዩበት ቦታ እሱ ነው። እኔ ተማሪ ብልክ መጀመሪያ የምጠይቀው የእነዚህን ወረቀቶች ዝርዝር ነው።

3. የመንገድ ዳር ማሽኖቹን አንብቡ

ጃፓን ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ የመጠጥ መሸጫ ማሽን አለ። ከዚያ የሚገዛው የጣሳ ቡና የራሱ ታሪክ አለው። ዩሲሲ የተባለው የኮቤ ከተማ ኩባንያ በ1969 በጣሳ የታሸገ የወተት ቡና አወጣ። በ1975 ደግሞ ጆርጂያ የሚባል የጣሳ ቡና መጣ፤ ባለቤቱ ኮካ ኮላ ነው። በኮላ የታወቀ ኩባንያ ቡና የሚሸጠው ለምንድን ነው? መልሱን ማሽኑ ፊት ቆማችሁ ፈልጉት። ማን ይገዛል፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ወጥቶ?

በብርድ ወራት አንዱ ማሽን ትኩስና ቀዝቃዛ ጎን ለጎን ይሸጣል። ቀይ ምልክቱ ትኩስ፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ ነው። ትኩስ ጣሳዎቹ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ጊዜ መዝግቡ። የገበያውን የዓመት ዑደት ከዚህ ቀልሎ የሚያሳያችሁ ነገር የለም።

4. ቡናን በተለያየ ዋጋ ጠጡ

ኮንቢኒው ርካሹ ነው። ቀጥሎ ኪሳተን ግቡ። ኪሳተን የድሮው ዓይነት የጃፓን ቡና ቤት ነው፤ እንጨት የበዛበት፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ባለቤቱ ውሃውን በቀጭኑ እያንቆረቆረ አንድ ሲኒ ለማውጣት ደቂቃዎች የሚቆምበት። ዋጋው የኮንቢኒው ብዙ እጥፍ ነው። ሰው የሚከፍለው ለመቀመጫውና ለጸጥታው ጭምር ነው።

ዝርዝሩ ላይ «ሞካ» የሚል ካያችሁ አትለፉት። የኢትዮጵያ ቡና ጃፓን ውስጥ ለረጅም ዘመን የተሸጠው ሞካ ሲዳሞ፣ ሞካ ሐረር እየተባለ፣ በየመኑ ወደብ ስም ነው። ቅር ማለቱ ያለ ነው። ቢሆንም ባለቤቱን ጠይቁት፦ ደንበኛ ሞካ ሲያዝ ምን ጣዕም እየጠበቀ ነው? ይርጋጨፌ ብላችሁ ብትጽፉለትስ ያውቀዋል? ለኢትዮጵያ ቡና ስም ግንባታ የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን መልስ ይፈልገዋል።

ከዚያ የአሜሪካው ቡና ቤት ስታርባክስ። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው ሱቁ በ1996 የተከፈተው ቶኪዮ ጊንዛ ላይ ነው። ያኔ የጃፓን ቡና ቤት ያለ ሲጋራ የሚታሰብ አልነበረም። ስታርባክስ ግን ማጨስ ከልክሎ ገባ፣ ተሳካለትም። የገባበትን ባህል ሳይከተል ያሸነፈ ድርጅት ነውና በሪፖርታችሁ ውስጥ ቦታ ስጡት። በሌላ በኩል በየጸደዩ የቼሪ አበባ መጠጥና ኩባያ ያወጣል። አንዱን ተወ፣ ሌላውን ያዘ። የትኛውን ለምን? ሙሉ ሪፖርት የሚወጣው ጥያቄ ነው።

5. «መቼ» ብላችሁ ጠይቁ

ጀማሪ ተማሪ «ምን ይገዛሉ» ይላል። «መቼ ይገዛሉ» የሚለው ይበልጣል። እኛም አገር ቅቤና ሥጋ በጾም ማስታወቂያ እንደማይሠራላቸው ማንም ነጋዴ ያውቃል።

ዝነኛው ምሳሌ የአሜሪካው የተጠበሰ ዶሮ ሻጭ ኬኤፍሲ (ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን) ነው። ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ገደማ በሆነበት አገር ኩባንያው በ1974 «ለገና ኬንታኪ» የሚል ዘመቻ ከፈተ። ዛሬ የገና ሰሞን ዶሮ ለማግኘት ሰው ቀደም ብሎ ያዛል፣ ይሰለፋል። ገና በቤት ውስጥ የቆየ የምግብ ወግ ስላልነበረው ቦታው ክፍት ነበር። ቫለንታይንም እንዲሁ ነው፤ በፌብሩዋሪ 14 ቸኮሌት የሚሰጡት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ የሚመልሱበትን የማርች 14 ቀን ያስፋፉት ደግሞ ጣፋጭ አምራቾች ናቸው። ባህል ንግድን ይቀርጻል ብቻ አትበሉ። ንግድም ባህል ይሠራል።

ለቡናችን የሚጠቅመው ግን የስጦታው ወቅት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጁላይ አካባቢ ኦቹጌን፣ በዓመቱ መጨረሻ ኦሴይቦ ይባላል። ሰው ለአለቃው፣ ለረዳው፣ ለዘመዱ ምስጋና ይልካል። በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ መደብር ግቡና ምድር ቤት ወዳለው የምግብ ክፍል ውረዱ። የቡና ስጦታ ሳጥን ፈልጉና ጊዜ ወስዳችሁ እዩት። ውስጡ በአብዛኛው ባለ አንድ ሲኒ የቡና ከረጢቶች ተደርድረዋል። አንዷን ስትከፍቷት ሁለት የወረቀት ጆሮ አላት፤ ሲኒው አፍ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ትኩስ ውሃ ታፈሱባታላችሁ፣ አለቀ። መፍጫ አያስፈልግም፣ ጀበና አያስፈልግም፣ ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም። እያንዳንዷ ለብቻዋ ስለታሸገች አንድ ቢሮ ቢሮውን ሙሉ ይካፈላታል። ሳጥኖቹ በዋጋ ደረጃ ተለይተዋል፤ ሰጪው ለማን ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያውቃል። ጠጪው ብቻውን ይጠጣዋል፣ ሳጥኑ ግን የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው። እኛ ሰውን ቡና ጠጡ ብለን ቤታችን እንጠራለን፤ እነሱ ቡናውን ሰውየው ቤት ይልኩታል። በሁለተኛው ደረጃ የጻፋችሁት «ወሬ የሌለው ቡና» አሁን ትርጉም ማግኘት ይጀምራል።

6. «ባህል ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ተቃራኒውን ፈልጉ

ይህ ደረጃ የመመሪያው ልብ ነው። «ባህል ነው» በጣም ቀላል መልስ ነው፤ ሁሉን ነገር ያስረዳል፣ ስለዚህ ምንም አያስረዳም።

የፈረንሳዩ ትልቅ መደብር ካርፉር በ2000 ጃፓን ገብቶ በ2005 ሸጦ ወጣ። የአሜሪካው ዎልማርት በ2002 ሴይዩ ከተባለው የጃፓን ሱፐርማርኬት ድርሻ መግዛት ጀመረ፤ በ2020 አብዛኛውን ድርሻ ለመሸጥ ተስማማ። ማብራሪያው ዝግጁ ነው፦ የጃፓን ሸማች ትኩስ ነገር በየቀኑ በጥቂቱ ይገዛል፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ዋጋ ሲረክስ ጥራቱን ይጠራጠራል። ደህና። ታዲያ በ1999 ፉኩኦካ አጠገብ የጀመረው የአሜሪካው መደብር ኮስትኮ እንዴት ተሳካለት? እሱ የሚሸጠው በግዙፍ ጥቅል ነው፣ ያውም የአባልነት ክፍያ ጠይቆ።

ሕግም አለ። ጃፓን ከ1974 እስከ 2000 ትልልቅ መደብሮችን የሚገድብ ሕግ ነበራት። ትልቅ መደብር ለመክፈት የአካባቢው ትንንሽ ነጋዴዎች ተቃውሞ ዓመታት ሊያስጠብቅ ይችል ነበር። ያን ሁሉ ትንሽ ሱቅ አይቶ «ጃፓኖች ትንሽ ሱቅ ይወዳሉ» የሚል ተማሪ የሕግን ሥራ ለባህል እየሰጠ ነው።

ስለዚህ ቀኙ ገጽ ላይ «ባህል» የሚል ቃል በጻፋችሁ ቁጥር ከሥሩ አራት ጥያቄ ጻፉ። ሕግ ይሆን? የቤት ስፋትና የትራንስፖርት ጉዳይ ይሆን? ገንዘብ ይሆን? ይህን ሰብሮ የተሳካለት ድርጅት አለ? ከአራቱም በኋላ ቆሞ የቀረውን ባህል በሉት።

7. ስትጠይቁ ይሉኝታን አትርሱ

ሰው ቤት በልታችሁ «ወጡ አልጣፈጠኝም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? አትሉም። ጃፓንም ውስጥ «ይህን ቡና ወደዱት?» ብላችሁ የምትጠይቁት ሰው ይወደዋል። የእኛ ልጅ ከሌሎች የውጭ ተማሪዎች የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ይሉኝታን ሥጋው ያውቀዋል።

ስለ አስተያየት ሳይሆን ስለ ድርጊት ጠይቁ። «ባለፈው ለሰው ቡና የገዙት መቼ ነው? ለማን? ሌላ ምን አማራጭ ነበር?» ዝም ካሉ አትቸኩሉ፣ ቃል እየመረጡ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ያስቸግራል» ከተባላችሁ ወይም ጥርስ መሐል አየር ሲሳብ ከሰማችሁ «አይሆንም» ማለት ነው፤ አትጨቅጭቁ። ጃፓንኛ የሚያነብ የክፍል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡናውንም እናንተ ጋብዙ።

8. ኩባንያ ስትገቡ

ለጉብኝትም ለልምምድም ያው ነው። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። የስም ካርድ በሁለት እጅ ተቀበሉ፤ ይህ ከቤታችሁ የምታውቁት አክብሮት ነው። አንብቡት፣ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡት፣ ኪስ ውስጥ አትክተቱት፣ ላዩ ላይ አትጻፉ። የተቆላና በደንብ የታሸገ ቡና ስጦታ ይሆናል፤ ጥሬ ቡና ግን የዕፅዋት ቁጥጥር ስላለበት ይዛችሁ አትግቡ።

ስብሰባ ላይ ክርክር ካልሰማችሁ አትገረሙ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከስብሰባው በፊት፣ በየጠረጴዛው፣ አንድ በአንድ አልቋል። ሐሳብ ካላችሁ ቀድማችሁ ለአንድ ሰው በግል አሳዩ። አገር ቤት ፋብሪካ ውስጥ ካይዘን በተባለው የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ አምስቱን «ማ»ዎች (የሥራ ቦታን የማደራጃ ደንቦቹን) ያየ ሰው እዚህ ምንጩን ያያል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ከመቋቋሙ በፊት የጃፓን ባለሙያዎች በ30 ኩባንያዎች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። የትኛው ልማድ አዲስ አበባ ላይ ጸና፣ የትኛው ግድግዳ ላይ ፖስተር ሆኖ ቀረ? ለማስተርስ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ሰው ይህን ይውሰድ።

9. መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ የንግድ ሐሳብ አዘጋጁ

ሪፖርቱ ለመምህሩ ነው። ይህ ገጽ ግን ቡና የሚቆላ እውነተኛ ድርጅት ፊት የሚቀርብ ይሁን፦ የይርጋጨፌ ቡና ባለ አንድ ሲኒ ከረጢት ሆኖ ለኦሴይቦ ስጦታ። ሰጪው ማን ነው፣ ተቀባዩ ማን? ሳጥኑ ስንት ከረጢት ይይዛል? የትኛው የዋጋ ደረጃ ላይ ይቀመጣል? ሳጥኑ ላይ ሞካ ይባል ወይስ አይባል? ሁሉንም ከደብተራችሁ ግራ ገጽ መልሱ።

ከጣዕሙ በፊት የደኅንነት ማስረጃውን አስቀምጡ። ጃፓን በ2006 የጸረ-ተባይ ቅሪት ቁጥጥሯን አጠበቀች። በ2008 ከኢትዮጵያ የሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ ቅሪት ተገኘና ግዢው አሽቆለቆለ። ጥርጣሬው ያረፈው በቡናው እርሻ ላይ ሳይሆን በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ገበሬው የለፋበት ቡና በማሸጊያ ምክንያት ገበያ ሲያጣ ማየት ያማል። ቡና የሚቆላው ሰው ይህን ታሪክ ያስታውሳል፤ ሳይጠይቃችሁ ስለ ማሸጊያውና ስለ ምርመራው ብትነግሩት ቀሪውን ለመስማት ይቀመጣል።

ኦሴይቦ የሚጧጧፈው በኖቬምበርና በዲሴምበር ነው፤ መደብሮች ምን እንደሚሸጡ የሚወስኑት ግን ከወራት በፊት ነው። ስለዚህ ገጹን በኦገስት ገደማ ከሚጀምረው ረጅም የትምህርት ዕረፍት በፊት ለፕሮፌሰራችሁ አሳዩ። ቀጠሮውንም እሳቸው በስልክ እንዲይዙላችሁ ለምኗቸው፤ የሚያውቁት ሰው ያስተዋወቀው ተማሪ በኢሜይል ብቻ ከሚጽፍ የማይታወቅ ተማሪ ቀድሞ መልስ ያገኛል።